ካልሲዬን ያወለቅሁበት ሐሙስ

ሰኞ ቀን ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ሳለ ብርድ ብርድ አለኝ። ወዲያው ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ቀኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚት በታች ይለበልበኝ ጀመር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጫማዬ አልወልቅ አለኝ።

አከራዬ እትዬ የሺ እግሬን አዩና "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ትኩሳቱ በረደ፤ እብጠቱ ግን ቀረ። ሕመሙ ደግሞ ሲነሣብኝ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ እግሬን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው።

"ልጅ ሆነሽ ጫማ ታደርጊ ነበር?"

"ከፍ ካልሁ በኋላ ነው የጀመርሁት።"

"ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሰው ዝሆኔ የሚለው ነው። ከቀይ አፈሩ የሚመጣ ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ገና ጅምሩ ላይ ነሽ፤ እግርሽን በደንብ ከታጠብሽና ከተጫማሽ ይቀንሳል።"

ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ዝሆኔ።

ለእትዬ የሺ ሕመሙን፣ እንደማይተላለፍም ጨምሬ ነገርኋቸው። "እግዜር ይማርሽ" አሉ። በማግስቱ ሳፋዬን ከቤታቸው ዕቃ ለይተው ውጭ፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጠውት አገኘሁ። "ክፉ አስቤ አይደለም የኔ ልጅ፤ ፈርቼ ነው" አሉኝ። ሳፋውን ይዤ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ።

ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሸሸኝ ማለት አልችልም። የሸሸሁት እኔ ነኝ። ካልሲ ደረብሁ። ምሳ ለብቻዬ በላሁ። ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ኋላ ቆምሁ። እናቴ ስትደውል "ደኅና ነኝ" አልሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ያላቋረጥሁት ነርሷ ያሳየችኝን ብቻ ነው፦ ማታ ማታ ጥቂት ጠብታ በረኪና በገባበት ለብ ያለ ውኃ እግሬን እዘፈዝፋለሁ፤ በሳሙና የጣቶቼን መሐል ሳይቀር አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ፤ ቫዝሊን ቀብቼም እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ እተኛለሁ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ እብጠቱ ጎደለ፤ የቁርጭምጭሚቴ አጥንት እንደገና ሲታይ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለብቻዬ ሣቅሁ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ፤ ካህናቱ የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ቀን ነው። አጠባው አልቋል ብዬ ሆን ብዬ አርፍጄ ሄድሁ። አላለቀም ነበር። ሴቶቹ መሐል ገብቼ እትዬ የሺ አጠገብ ተቀመጥሁ። ለመውጣት ስነሣ በሩ በሰው ሞልቷል። አዛውንቱ ቄስ ሞገስ ፎጣ ታጥቀው፣ የወይራና የወይን ቅጠል ያለበትን ውኃ አስይዘው እኔ ዘንድ ደረሱ።

"አባቴ፣ እጄን ብቻ ይጠቡልኝ።"

"ለምን?"

"እግሬን ያመኛል።"

"ታዲያ የታመመውን ትቼ ደኅናውን ልጠብ? በይ አውልቂ። የኔ ወገብ አንዴ ከጎነበሰ መነሣት አይሆንለትም፤ አታስጠብቂኝ።"

ሴቶቹ ሣቁ። አንዱን ካልሲ አወለቅሁ። ቄሱ ከሥሩ ሌላ ሲያዩ "ምነው፣ ሽንኩርት ነሽ እንዴ?" አሉ። ሴቶቹ እንደገና ሣቁ። እግሬ ወጣ። ሣቁ ቆመ።

የእርሳቸው እጅ ግን አልቆመም። አጠቡኝ። በፎጣው አደረቁልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው "ንጹሕ ነው። ማን ያጥብልሻል?" አሉኝ።

"ራሴ።"

"እማማ ጠጄንስ ማን ያጥባቸው ይሆን?"

ይህን ብለው አለፉ። እማማ ጠጄ ሁለቱም እግራቸው ያበጠ፣ "እሸታለሁ" ብለው ደጀ ሰላም መድረስ የተዉ ጎረቤታችን ናቸው። ቀና ስል እትዬ የሺ ካልሲዎቼን ከመሬት አንሥተው ጭናቸው ላይ ይዘውልኛል።

ትሕትና ለሌላው ጎንበስ ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እግርን አውጥቶ መታጠብ እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅሁ። ነርሷን፣ ቄስ ሞገስን፣ እትዬ የሺንም አመሰግናለሁ። እንደኔ እግራችሁን ሸፍናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሳይብስ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መታጠቡን አታቋርጡ፤ ቢያንስ ለአንድ ሰው አሳዩ።

ዓርብ ጧት፣ ስግደቱ ሳይጀመር፣ ውኃ አሙቄ ሳፋዬን ይዤ እማማ ጠጄ ቤት ገባሁ። እግራቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

"ማን ላከሽ? ዛሬ ስቅለት አይደል? ሂጂ ስገጂ።"

"ቆይቼ እሄዳለሁ።"

ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅሁ። እግሬን ከእግራቸው አጠገብ አኖርሁ። ረጅም ጊዜ አዩት።

"አንቺም?"

"እኔም።"

"ውይ ልጄን! እኔ እኮ በሰፈሩ ብቻዬን መስሎኝ።"

ጋቢውን ገለጥ አድርገው አንድ እግራቸውን አወጡ።

"በይ፣ ውኃው ሳይበርድ" አሉኝ።