ከአልሐምዱሊላህ በኋላ

ማንጎ ከቅርንጫፉ ሲቀነጠስ አንገቱ ላይ የምትወጣ ነጭ ወተት አለች፤ ሽታዋ አፍንጫ ይከረክራል። ትናንት ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ሻጯ ስትመርጥልኝ ያቺ ወተት እጄን ነካችው። ዘንቢሌን ይዤ ቆምኩ። የልጅነቴ ቅናት እንዳለ ነበር፤ አላረጀም። ልንገርሽ።

እኔና ጓደኛዬ ከአርጎባ መንደር ወርደን፣ ሮቢት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን ነበር የተማርነው። ቀትር ላይ ጣሪያው ሲንጣጣ ይሰማል። እሷን ያሳደጓት አያቷ ስለሆኑ አርጎባኛ ትችላለች። በእኛ ቤት ግን ቋንቋው ከአያቴ ጋር ተቀብሯል። የክፍላችን ልጆች ይህን መች ያውቃሉ፤ «እስቲ በአርጎባኛ ሳቁልን» ይሉናል። እሷ «እናንተ በአማርኛ ስታላግጡ መች አማረባችሁ?» ብላ ታስቃቸዋለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ከመንደራችን የመጣ አንድ ልጅም ነበር፤ ኋላ ባሌ የሆነው። ያን ዓመት ከሰው ራቀ። ምግብ ተወ፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይደልቃል። ጤና ጣቢያ ደሙ ተመርምሮ ወባ የለበትም ተባለ። የጤና ክበባችንን የምትመራው ነርስ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ደግ ሴት ነበረች።

«ደህና ነህ?» ትለዋለች።

«አልሐምዱሊላህ።»

«እውነት ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

እሷም አምና ትሄዳለች። እኛ ዘንድ ግን ደህንነቱን የተጠየቀ ሰው ትኩሳት እያንቀጠቀጠውም ቢሆን ቀድሞ ያመሰግናል። ሕመሙ የሚመጣው ከምስጋናው በኋላ ነው፤ ያውም ጠያቂው ቁጭ ብሎ ከጠበቀ።

እኔ ማንጎ እወስድለት ነበር። ከገበያው በጣም የበሰለውን አሽትቼ እመርጣለሁ። አንድ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሰጥቼው እየላጠ ሳለ ጓደኛዬ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አላት። አልተነሳችም። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ እየሰማን ቆየን። ከዚያ በአርጎባኛ አንድ ነገር ጠየቀችው።

እሱም ተናገረ። የማንጎው ጭማቂ እስከ ክርኑ እየወረደ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ከወንድሙ ስም በቀር አንድም ቃል አልገባኝም። ማንጎው የእኔ፣ ወሬው የእሷ።

«ምን አለሽ?» አልኳት ማታ ክፍላችን ሽሮ ስናበስል።

«እሱ ይንገርሽ።»

«እኔ ባዳ ነኝ?»

«ለነርሷ ብቻ እንድነግር ነው የፈቀደልኝ። አትቆጪ በቃ፣ ሽሮው ያርርብሻል።»

ነርሷም ከእሷ ሰምታ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ለመደች። ልጁ እየሄደ ያጫውታት ጀመር፤ እየዋለ እያደረ ፊቱ ተመለሰ። በመዳኑ ደስ አለኝ። የመዳኑ ደጅ በእሷ በኩል መሆኑ ግን አንገበገበኝ።

የሆነውን የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው። ወንድሙ በባሕር ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «እንጀራ በቆረስኩ ቁጥር እሱ የተራበ ይመስለኛል። ያኔ ካንቺ ማንጎ በቀር በጉሮሮዬ የሚወርድ አልነበረም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ለእሷ?»

ሳቀ። «ጠየቀቻ።»

ጥያቄዋንም አስተማረኝ፤ ከአርጎባኛ የማውቀው ያንኑ ብቻ ነው። እንቅልፍሽን ማን ወሰደው? ማለት ነው። በትዳራችን ዘመን ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን እየፈታ ይጠይቀኝ ነበር። ቃሉ የእሷ እንደሆነ አልረሳም፤ ቢሆንም እመልስለታለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ከቤቴ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። «ሶብር አድርጊ፣ እንዴት ነሽ?» ይሉኛል። «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ይሄዳሉ።

ዛሬ ጓደኛዬ ከጀውሃ መጣች፤ እዚያ ነርስ ናት። የትናንቱን ማንጎ አቀረብኩላት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ አወራን።

«እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

አልተነሳችም። ቢላዋውን አንስታ ማንጎውን ቀስ ብላ ላጠች። ባጃጆች በደጅ አለፉ። ከዚያ ቀና ሳትል፣ በአርጎባኛ፣ ያችን ጠየቀችኝ።

እሱ ከሄደ ወዲህ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ አልነበረም።

የላጠችውን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት፤ እየበላሁ ነገርኳት።