እናቴ ያስቀየረችልኝ ዶርሚተሪ

ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። ዛሬ ፎቅ ከፎቅ ጋር የሚፋጠጥበት ሜዳ ላይ አጎቴ ጤፍ ይዘራ ነበር ብል ልጆቼ እንኳ በግማሽ ልብ ነው የሚሰሙኝ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ከመንደራችን ኮሌጅ የገባሁት የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሙ ነው። ደግ ሰው ነበር፤ ግን አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ቤታችን ውስጥ የሱን ቃል የሚያስቀይር ሰው አልነበረም።

ኮሌጁ ለሴቶች ሁለት ዶርሚተሪ ነበረው። አንዱ ላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ፤ ሌላው ታች፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት። እኔን ላይኛው ደረሰኝ። አጎቴ ደስ አለው። የሚስቱ እህት እዚያው ሰፈር ስለምትኖር «ዐይኗ አይለይሽም» አለኝ። ምን አደርጋለሁ ተብሎ ዐይን እንደሚያስፈልገኝ ባውቅ ደስ ባለኝ፤ ግን የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

እናቴ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እዚያው ሆስፒታል ለሐኪም ቀጠሮዋ ትሄዳለች፤ እስከ ዋናው መንገድ በእግሯ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ታችኛው ዶርሚተሪ ብሆን በየቀጠሮዋ እንገናኛለን። ላይኛው ከሆንኩ ግን ያን ዳገት መውጣት አትችልም፤ ሐኪሙም ከልክሏታል። ብዙ ዕድሜ እንደሌላት ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥተን ግን ተነጋግረንበት አናውቅም። እኔ ኮሌጁን የምፈልገውን ያህል እሷን ማየት እፈልግ ነበር።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አጎቴ አረም ላይ በዋለበት ቀን፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ «ተነሺ፣ ከተማ እንሂድ» አለችኝ። የዶርሚተሪዎቹ ኀላፊ ፊቷ የማይፈታ ሴትዮ ነበረች። እናቴ ከበሩ ጀምራ እጅ እየነሳች ስትገባ እኔ አፍሬ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ስለ ሕመሟ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ስለሱ ምንም አላለችም።

«እመቤቴ፣ ልጄን ማየት ነው የምፈልገው» አለች። «ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ሴትዮዋ መዝገቧን ገልጣ አንድ መስመር ሰረዘች። ከዚያ ወደኔ ዞራ ዕቃዬን ታችኛው ዶርሚተሪ እንዳስገባ ነገረችኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ያሰላሰልኩት ልመና ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ስንወጣ እናቴ ታችኛው ዶርሚተሪ በር ላይ ቆማ የሆስፒታሉን በር በዐይኗ ለካችው። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። አጎቴስ ብዬ ስጠይቃት «አጎትሽን ለኔ ተዪው፤ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለአጎቴ ነገር በችኮላ አይነገርም። ሲጠግብ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከብቱም ደህና ሲሆን ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮዋ መጣች። አልጋዬን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ «ይመቻል» አለች፤ ከጓደኞቼ ጋር ተሳሳመች፤ ያመጣችልኝን ቆሎ ለሁሉም አከፋፈለች። ለአጎቴ ነግራው እንደሆነ ጠየቅኋት። ገና ነው፤ ሰሞኑን በሬው ታሞበት ከፍቶታል አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ ከትምህርት ቀርቼ ከመስኮቱ ሳልነሳ ዋልኩ። አልመጣችም። አውቶቡስ አጥታ ይሆናል አልኩ፤ መንገዱ ጨቅይቶባት ይሆናል አልኩ። ለሰው ልብ ምክንያት ሞልቶታል። ቅዳሜ ወደ ቤት ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ታጥፌ ጥቂት እንደሄድኩ ደጃችን ላይ ዳስ ተጥሎ አየሁ። ማን እንደሞተ ማንንም አልጠየቅሁም። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ጩኸቱን አቀለጡት። የእናቴ ሠልስት ነበር።

የሆነውን ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። እናቴ ያረፈችው ረቡዕ ማታ ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሊያመጣኝ ሄደ፤ የሄደው ግን ላይኛው ዶርሚተሪ ነው፤ ሌላ መኖሩንም አያውቅም። በኛ ዘንድ መርዶ ከባለቤቱ በፊት ለባዳ አይነገርም። ልጅቷ ከመንገደኛ አፍ ሰምታ ክው ትላለች ብለው ስለፈሩ፣ ዘበኛው ምን ፈልገው እንደመጡ ሲጠይቃቸው «ለሰላምታ ነው» አሉት። ዘበኛው ጠይቆ ተመለሰና እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም አላቸው።

«ለሰላምታ ከሆነ እሁድ ኑ» ብሎም ሸኛቸው።

ሞት የምትል አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ያ ዘበኛ ከተማውን አስሶ ያገኘኝ ነበር። እነሱ ግን ለኔ ሲሉ ቃሏን ዋጧት። የአጎቴ ሚስት እህትም ዘንድ ጎራ ብለው ነበር፤ ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ አይታኝ አታውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀውኝ፣ ካህናቱ አይቻልም ሲሉ ቀበሯት። ዓርብ አጎቴ ለቀስተኛ ጥሎ መውጣት አልቻለም፤ ቅዳሜ ሊፈልገኝ ከዘራውን ሲያነሳ ነው እኔ የደረስኩት።

ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ዳሱ ጥግ አስቀምጦ የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። ታችኛው ዶርሚተሪ መዛወሬን፣ ያስቀየረችልኝም እናቴ መሆኗን ነገርኩት።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ልትነግርህ ነበር» አልኩት። «ጊዜ እየጠበቀች ነበር።»

«ፈርታኝ ነው።»

ያን ቀን በሁሉም ላይ ተናድጄ ነበር፤ በሱም፣ በሽማግሌዎቹም፣ በማላውቀው ዘበኛም፣ አፈር በለበሰችው እናቴም ላይ። አንዳቸውም ግን ክፉ አላሰቡም። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ የሚረገም ሰው ማጣቴ ነው።

ወደ ኮሌጅ ስመለስ አጎቴ ከሸኘሁሽ አይቀር በሩን ልየው ብሎ አብሮኝ መጣ። ሰው ፊት ባርኔጣ የማያወልቀው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ከታችኛው ዶርሚተሪ ዘበኛ ፊት ቆመ።

«የዚች ልጅ አጎት ነኝ፤ መልኬን ያዝልኝ» አለው። «እኔ እንደሆነ ስመጣ ሌላ ነገር አልናገርም። ለሰላምታ ነው ብልህም ጥራልኝ።»

ዘበኛው ግራ እየገባው እሺ አባቴ አለ።