በበሩ በኩል ያለችው ማዕዘን

«አማካይ» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬም በየከተማው እየዞርኩ የነጋዴ ሚዛን መፈተሽ። ክብደቱ የታወቀ ብረት ሚዛኑ ላይ እናስቀምጣለን። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ንባቡን በገመድ ይወስዳል፣ ይመዘግባል፣ አማካዩን ያወጣል፣ ከዚያ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ይላል። ልክ ነው ካለ አረንጓዴ ወረቀት እንለጥፋለን። ገበሬው ያንን ወረቀት አምኖ ነው እህሉን የሚያስመዝነው።

ያን ቀን ከአለቃዬ ጋር ቡሬ፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ገባን። አለቃዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ጆንያ የሚጫንበት ጠፍጣፋው ሚዛን ጥግ ተወሽቋል፤ በአንድ ወገን ግድግዳ አለ፣ በሌላው ወገን የጆንያ ክምር ሳይነካው ከላይ አዘንብሎ ግማሹን ሸፍኖታል። ነጻ የሆነችው በበሩ በኩል ያለችው ማዕዘን ብቻ ናት። እንድንፈትሸው ጫኝና አውራጆቹ ጎትተው ወደ መሀል አወጡልን። አንድ ሽማግሌ ቄስ የዓመት ልፋታቸውን በርበሬ አህያ ላይ ጭነው፣ እስክንጨርስ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሃያ ኪሎውን ብረት የሚዛኑ መሀል ላይ ሳስቀምጠው ሃያ አለ። በበሩ በኩል ባለችው ማዕዘን አስራ ዘጠኝ። በግድግዳው በኩል ባለችው ሃያ አንድ። የቀሩት ሁለቱ ሃያ ሃያ። ፕሮግራሙ ደመረ፣ አካፈለና ሃያ ብሎ አረንጓዴ በራ።

«ይሄ አይሆንም» አልኩ። «ሚዛኑ ወደ ጥጉ ሲመለስ ጆንያ የሚያርፈው በዚች በምትሰርቀው ማዕዘን ላይ ነው። የግድግዳው ማዕዘን ላይ ማን ደርሶ ያውቃል?»

«አማካዩ ልክ ነው። ለጥፊ።»

«አንተ ሁለት ምሳ በልተህ እኔ ጦሜን ብውል፣ በአማካይ ጠግቤያለሁ ማለት ነው?»

«ከፕሮግራሙ ትበልጫለሽ እንዴ?» አለና ራሱ ለጠፈው። እንዳይላጥ በመዳፉ ደህና አድርጎ ተጫነው። ጉቦ በልቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ያፍርበታል። እሱ ግን የሚለውን ከልቡ ያምን ነበር፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ሚዛኑ ወደ ጥጉ ተመለሰ። ቄሱ ገቡና «አቀናችሁልን ልጆቼ? እሰይ! እግዜር ይስጣችሁ» አሉ። ምርቃታቸው እንደ ስድብ ቆጠቆጠኝ። ጆንያቸው ያቺው ማዕዘን ላይ ዱብ አለ። ሃምሳ ሰባት ኪሎ።

አላስቻለኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ» ብዬ ከክምሩ ሚዛኑን የሸፈኑትን ጆንያዎች ገፍቼ ጣልኩና፣ አንዱ አውራጅ አግዞኝ የእሳቸውን ወደ ሚዛኑ መሀል ጎተትነው። ስድሳ።

ቄሱ ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምነው ልጄ፣ ሦስቱ ኪሎ ተየት መጣ?»

«ከየትም አልመጣም አባ። ድሮም የእርስዎ ነበር።»

ነጋዴው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል? ሁለቱን ደምረን አማካዩን እንያዝ።» አለቃዬ እፎይ ብሎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሄጄ አረንጓዴውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩት፤ ግማሹ ተቀደደ፣ ግማሹ አልለቅ አለ። ቄሱ ግን የእኛን ጭቅጭቅ አልጠበቁም። «እናንተ አማካይ የምትሉትን እኔ አላውቀው። በርበሬው ግን የኔ ነው» አሉና ጆንያውን መልሰው አህያዋ ላይ አስጫኑ። አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ማዶው መጋዘን ሲያቀኑ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። እዚያም ሚዛኑ ጥግ ላይ ተወሽቋል፤ ጠዋት አለቃዬ የለጠፈው አረንጓዴ ወረቀትም ይጠብቃቸዋል።