ጋሼ ይበልጣልና ትከሻው የሰፋ ቀሚስ

ጠዋት ተደውሎ "ይበልጣል አረፈ" ሲሉኝ ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ! የቱ ይበልጣል? ማክሰኞ በባጃጅ ሳልፍ ሱቁ በር ላይ ቆሞ "አንቺ፣ ያ ቀሚስ አጥሮብሻል፣ አምጪውና ላስረዝምልሽ!" ብሎ መንገደኛ ፊት የጮኸብኝ ሰውዬ? እንዲህ ያለ ሰው ይሞታል እንዴ?

ሞቷል። ሦስት ቀን ብቻ ታሞ። አሁን ከቀብሩ ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ዛሬ ያየሁትን ለሰው ካልነገርኩ እፈነዳለሁ።

ለማታውቁት፣ ጋሼ ይበልጣል ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር የሴት የባህል ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ጥልፍ የተማርኩት እሱ ዘንድ ነው፤ ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። የማርቆስ ሴቶች፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ የሱን ቀሚስ ለብሳችሁ የተዳራችሁት? መስታወቱ ፊት አቁሞ "እስቲ ዙሪ ልይሽ!" ሲላችሁ ትዝ አይላችሁም? እሱ ፊት ዞራ ያላማረች ሴት አላየሁም።

አሁን የማታውቁትን ልንገራችሁ። ጋሼ ቀሚስ መስፋት ብቻ ሳይሆን መልበስም ይወድ ነበር። ለቀልድ አይደለም። ሥራ ጨርሰን ሱቁን ስንዘጋ ወደ ጓዳ ይገባና ለራሱ የሰፋውን፣ አረንጓዴ ጥልፍ ያለውን ነጭ ቀሚስ ለብሶ ይመጣል። ጥልፉን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎበጥ ብሎ የሚውለው ሰው ያን ሲለብስ ቀጥ ይላል። "አሁን ገና ቤቴ ገባሁ" ይለኝ ነበር።

ምስጢር አወጣች እንዳትሉኝ። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ ቀን እናቱ እማማ ዘርፌ መርጡለ ማርያም ለንግሥ ሄደው ከጠበቅናቸው ቀን ቀድመው ተመለሱና የሱቁን በር ከፍተው ገቡ። እሱ ቀሚሱን ለብሶ መሀል ቤት ቆሟል። እኔ መርፌ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እማማ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አዩት፣ አዩት። ከዚያ፣

"እስቲ ዙር ልይህ" አሉት።

ዞረ።

"ወገቡ ሰፍቶሃል" አሉ። "ለሰው እንዲያ አሳምረህ እየሰፋህ፣ ለራስህ ሲሆን ምነው? በል አውልቀውና አጥብበው።"

ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ! እሱ ግን እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፉትም። መሪጌታ ሙሉ ይባላሉ፤ ዲማ ላይ ቅኔ ያስተምራሉ። ለፋሲካ መጥተው ሱቁ ውስጥ የተሰቀለውን ቀሚስ አዩና "ይኼን የሚያህል ትከሻ ያላት የማን ልጅ ናት?" አሉ። እኔ "የደንበኛ ነው" ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደመኝ።

"የኔ ነው፣ አያ። የምለብሰው እኔ ነኝ።"

መዋሸት ይችል ነበር እኮ! መሪጌታ አማተቡና ወጡ። አራት ዓመት ሱቁን አልረገጡም። ጋሼ በየፋሲካው ነጭ ኩታ ይልክላቸዋል፤ ኩታው እንደታጠፈ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ተናድጄ "ለምን አልዋሸህም?" አልኩት። "ሌላ ሰው ሆኜ ብንታረቅ፣ የታረቀው ከኔ ጋር አይደለማ" አለኝና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ ቤተሰብ የሟቹን ልብስ ይዞ ይወጣል፤ ሰው ያን እያየ ያለቅሳል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስጨንቀኝ የነበረው ይኼ ነው። የጋሼ ብለው ምን ያወጡ ይሆን? መሪጌታ ከዲማ ደርሰዋል። ለበዓል እንኳ ለብሶት የማያውቀውን ጥቁር ኮት ይዘው ከቤት ሲወጡ ሳይ ልቤ ቁርጥ አለ። ጋሼን ትተን ሌላ ሰው ልንቀብር ነው አልኩ።

ወዲያው እማማ ዘርፌ ተከትለው ወጡ። ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው! በቀን ብርሃን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት!

"የልጄ ልብስ ይኼ ነው! እጁ የሰፋው፣ ገላው የለበሰው ይኼ ነው!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አጠገቤ አንዷ "ወይ ጉድ!" ስትል ሰማኋት። እማማ አጭር ናቸው፣ ቀሚሱ ደግሞ ረጅም፤ ጫፉ ጭቃው ላይ ይጎተት ጀመር። መሪጌታ ቆመው አዩ። ከዚያ ኮቱን ለጎረቤት ሰጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ የቀሚሱን ጫፍ ከጭቃው አነሱት።

"እናቴ፣ ቀስ ይበሉ" አሉ። "ይቆሽሽበታል።"

ሰማችሁኝ? ይቆሽሽበታል አሉ! አራት ዓመት ያላዩትን ቀሚስ የወንድሜ ነው አሉ!

እናትና ልጅ ግራና ቀኝ ይዘውት ድንኳኑን ዞሩ። ለቅሶውን መልሰው የጀመሩት ጋሼ በሙሽርነታቸው ያለበሳቸው ሴቶች ናቸው። እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አፌን በነጠላዬ ነው የያዝኩት።

ጋሼ፣ አየህልኝ? ዘንድሮ ኩታው አልተመለሰም፤ አያ ራሳቸው መጡልህ። ሳትዋሻቸው መጡልህ። ቀሚሱን እማማ ለኔ ሰጥተውኛል። ጭቃውን አጥቤ መስታወቱ አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ የማን ነው ለሚለኝ ሁሉ ያንተን መልስ እመልሳለሁ።

በል ሂድ፣ የኔ ጌታ። ቀጥ ብለህ ሂድ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ጊዜ፣ እስቲ ዙር ልይህ።