ኢስሐቅ ዓሣ ሲያስታርቅ

መርሳ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው በሰላም መጣላት አይችልም፤ ጎረቤቴ ኢስሐቅ አለ። እንጀራው ማንጎና ብርቱካን መነገድ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ማስታረቅ። ተጣዮቹን ፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ ከአንድ ትሪ ያበላቸዋል፣ ሳይሳሳቁ አይለቃቸውም። ይታረቃሉም፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ቤቱ መግባት ስለፈለገ።

በራሱ ቤት ግን ሚስቱ ዙልፋና አብራቸው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ሀስና በአንድ ማድ ቤት ሲነታረኩ አምስት ዓመት አለፋቸው። ዙልፋ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓሮ ያለው ባዶ ክፍል በር ይውጣለት፣ ማድ ቤት ይቀጠልለትና ለሀስና ይሰጥ። ኢስሐቅ አይሰማም። አስታራቂው የገዛ ቤቱን ለሁለት ከፈለ ቢባልስ?

ይልቅ ቤቱን ያረጋጋልኛል ብሎ የዓሣ ገንዳ ገዛ። ወልድያ ያለው ዓሣ ሻጭ ሮቤል፣ ሲክሊድ የሚባሉት ዓሦች መልካቸው ቢያምርም ጠበኞች መሆናቸውን ነገረው። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ወንዴዎች አብረው አይግቡ፣ ትልቅና ትንሽ አይደባለቅ፣ እንዳይተያዩም ድንጋይ ይብዛ አለው። ኢስሐቅ ግን ለልጁ ሚስት እንደሚያጭ አባት የጠየቀው ዘራቸውን ነው። ሁሉም ከማላዊ ሐይቅ የተገኙ ዘመዳሞች ናቸው ሲባል ደስ አለው። ዘመድ ከዘመዱ አይጣላም አለ፤ ዕድሜውን የወንድማማች የመሬት ክርክር ሲዳኝ የኖረ ሰው። መንታ የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊ ወንዴዎች መረጠ፤ ዙልፋ የወደደቻትን ትንሽ ቢጫም ጨመረ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰማያዊዎቹ ጭራቸውን ተቦጫጨቁ። ኢስሐቅ ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠና ጉዳዩን መረመረ። ጥፋቱን ድንጋዮቹ ላይ አገኘው። ጠቡን ያቆየው መደባበቁ ነው ብሎ አንድ ሳያስቀር ለቅሞ አወጣቸው። ምግቡንም አብረው እንዲቀምሱ አንድ ጥግ ላይ ብቻ በተነላቸው። በማግስቱ አንደኛው ሞቶ ተንሳፈፈ፤ እርቁም በዚህ ተፈጸመ።

አሸናፊው ወደ ቢጫዋ ዞረ። መሸሻ አጥታ የውሃ ማጣሪያው ሥር ተለጥፋ ስታያት ዙልፋ አለቀሰች፤ እኔንም አሳዘነችኝ። ኢስሐቅ አፍሮ ለሮቤል ደወለ። ሰማያዊው ወደ ወልድያ ተመለሰ፤ በምትኩ በቁመት ከቢጫዋ የሚተካከሉ፣ በመልክ የማይመስሏት ዓሦች መጡ። ድንጋዮቹም ለየአንዳንዱ መጠለያ እንዲሆኑ ተደረደሩ። ገንዳው ረጋ።

ኢስሐቅ ወዲያው ሊቅ ሆነ። አንድ ቀን እኔን ገንዳው አጠገብ አስቀምጦ፣ ሁሉም የየራሱ ደጅ ካለው ማንም ማንንም እንደማይነካ ያስረዳኝ ጀመር። ዙልፋ ቆማ ትሰማለች።

«ለዓሣ ይህን ካወቅህ ለእኔና ለእትዬ ሀስናስ?» አለችው።

«እናንተማ ዘመዳሞች ናችሁ» አላት።

ሀስና ከማድ ቤት ብቅ አለች። ዙልፋን ስትነቅፍ እንጂ ስትደግፍ ሰምቼ አላውቅም።

«እሷ ያለችው ልክ ነው» አለች። «በሩን አውጣልን።»

በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው፤ አብረው ላለመኖር። ኢስሐቅም የለፋለትን እርቅ አግኝቷልና ምን ይበል? በነጋታው ከጎረቤት ከተማ ከግራና በሩን የሚያወጣ ግንበኛ አስመጣ።