ሁለተኛው ጉድጓድ

መሬቱ በስሜ ነው፤ ደብተሩም እጄ ላይ አለ። መካነ ሰላም ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለች የሣር ሜዳ ናት። በጥምቀት ታቦቱን ሸኝተው ሲመለሱ ፈረሰኞች ጉግስ የሚጫወቱት እዚያ ነበር። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ማንም አስፈቅዶ አልገባም፤ “ውጡ” ያለውም የለም። እኔን ግን ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር። የሰው ሣር ሲረግጡ ለደንቡ እንኳ አይጠይቁም? ንፉግ ነኝ፤ ምን ይደበቃል።

አባቴ ሊሞት ሲል ሜዳው ውስጥ ሁለት የጥንት የእህል ጉድጓዶች እንዳሉ ነገረኝ። አፋቸው በእንጨት ተረብርቦ አፈርና ሣር ለብሷል። በትልቁ ጥድ ግንድ ላይ ሁለት የመጥረቢያ ምልክት አለ፤ እያንዳንዱ ወደ አንዱ ጉድጓድ ይመለከታል። “እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ሳትውል ሳታድር ድፈናቸው” አለኝ። ዋልኩ፣ አደርኩ፣ ዓመታት ሄዱ።

የዛሬ አሥር ዓመት፣ በጥምቀት ዕለት ጠዋት፣ ባለቤቴ “ኧረ ሄደህ ጉድጓዶቹ ላይ እሾህ እንኳ ጣልባቸው” አለችኝ። “ሳያስፈቅዱኝ ለሚገቡ ደግሞ እሾህ ልጎትትላቸው? ፈረሱ ዓይን አለው!” አልኳት።

ከሰዓት በኋላ አንደኛው ጉድጓድ ተደረመሰ። ጋላቢው አበልጄ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ እልል እያለ ሳለ ፈረሱ በፊት እግሮቹ መሬት ውስጥ ገባ። ፈረስ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙት። ወጌሻው የአበልጄን እግር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ደሴ ወስደው ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሜዳው ባለቤት ጉድጓዱን እያወቀ ዝም ካለ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ካላወቀ ግን የእግዜር ሥራ ነው አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

“ታውቅ ነበር?”

“አላውቅም” አልኩ።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ብለው መርቀው ተነሡ። አበልጄ በሰው ተደግፎ ቀረበና እጄን ያዘ። “አብሽሩ አበልጄ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ” አለኝ። ያጽናናኛል እኮ! እግሩን ያጣው እሱ፣ የሚጽናናው እኔ! ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጉድጓድ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

በዚያው ሳምንት ጥዱን ቆረጥኩት። አንዱ አዋቂ ምልክቱን አይቶ ነገሩን እንዳይደርስበት ፈራሁ። ሁለተኛው ምልክት ወደየት ይመለከት እንደነበር ያሰብኩት ግንዱን ፈልጬ ካነደድኩት በኋላ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔው የአፌ ብቻ ሳይሆን የእጄም ነው።

ከዚያ ወዲህ ሜዳውን በዘንግ እየወጋሁ እዞራለሁ። ሰው ሲመጣ ከብት የጠፋኝ እመስላለሁ። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ከእግሬ ሥር ኮቴ ይሰማኛል፤ ከመሬት ውስጥ፣ ከታች። ደግነቱ ከአደጋው በኋላ እዚያ የጋለበ አልነበረም።

ዘንድሮ ከጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው አበልጄ ምርኩዙን ተደግፎ ቤቴ መጣ።

“የክርስትና ልጅዎ ፈረስ ገዛ፤ ጓደኞቹም ተሰናድተዋል” አለ። “ለደንቡ ሜዳውን እናስፈቅድ ብዬ ነው።”

ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ጥያቄ ነው።

“አይሆንም” አልኩ።

ሣቀ። “የእርስዎ ነገር! ልጆቹ እንደሆነ ሊለማመዱ ከጠዋት ጀምረው እዚያው ናቸው።”

“ኧረ ያስወጧቸው!” ብዬ ብድግ አልኩ። “ሌላ ጉድጓድ አለ!”

ሣቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

“ሌላ?” አለ።

መልሴን አልጠበቀም፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ ከኔ ቀድሞ ወጣና ልጁን በስሙ እየጠራ ጮኸ። ፈረሶቹ ወጡ። ከዚያ ሁላችንም ብረት ይዘን ሜዳውን ስንወጋ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የክርስትና ልጄ ብረት ስምጥ አለ። የፈረሱ ኮቴ ትኩስ ዱካ አጠገቡ ነበር።

አበልጄ አፈሩን አስጠርጎ ምርኩዙን ወደ ውስጥ ሰደደ። ክንዱ እስኪገባ ድረስ ሰደደው፤ መሬት አልነካም። ቢመታኝ እወድ ነበር፤ ቢሰድበኝም። ምርኩዙን አወጣና አፈሩን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ልጁን ተደግፎ በአጠገቤ አለፈ።

“አብሽሩ” አላለኝም።