ሙቅ ውሃ የሚያዘው ሰው

ከምርምር ማዕከሉ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሴት ደንበኞቿን የምታውቃቸው በሚያዙት ነገር ነው፤ አንዱ የማዕከሉ ተመራማሪ ግን ሻይ አዝዞ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት፣ እጅጌው በሻይ የወየበ ነጭ ጋውኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ይመጣና ጥግ ይዞ ሙቅ ውሃ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ሻይ ቤት ተመጥቶ ውሃ ይታዘዛል?» አለችው ዛሬ።

«ሻዩን ቀኑን ሙሉ ከጉበት ቫይረስ ጋር ሳታግለው ነው የምውለው። እዚህ እንኳ ይረፍ» አለና ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ባሏን አልጋ ላይ የጣለው ይኸው ቫይረስ ነው።

«ታዲያ ለባለቤቴ ወፈር አድርጌ ላፍላለት?»

«ተይ እህቴ። ከቅጠሉ ለይተን ያወጣነው ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ ቫይረሱን ይገታዋል፤ ብርጭቆ ሻይ ግን መድኃኒት አይሆንም። የታዘዘለትን እንዳያቋርጥ። የቀረውን እኛ እንደርስበታለን።»

የሚናገረው ነገ ሱቅ እንደሚከፍት ነጋዴ ረጋ ብሎ ነው። ‹እርስዎ ምን ቸገረዎት፣ ጤነኛ ነዎት› ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

እሱ ግን ከደረት ኪሱ የክኒን ማሸጊያ አውጥቶ አንዷን ፈለቀቀና በሙቁ ውሃ ዋጣት። ክኒኗን ወዲያው ለየቻት፤ ዛሬ ጠዋት ለባሏ በእጇ ያቀበለችው ይህችንኑ ነበር።